የፈረስ ሃልተር ምንድን ነው? ከልጓምስ በምን ይለያል?

ሃልተር ፈረስን ለመምራትና ለማሰር ጭንቅላቱ ላይ የሚጠለቅ ማሰሪያ ነው። አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት የለውም፤ ከልጓም የሚለየውም በዚሁ ነው። ፈረስን በልጓሙ ከዛፍ ግንድ ጋር አስሮ ትቶ መሄድ ክፉ ልማድ ነው። ደንግጦ ወደኋላ ከሳበ ብረቱ ምላሱንና ድዱን ያቆስለዋል። ለማሰር ሃልተር፣ ለመጋለብ ልጓም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ጠፍር ከጆሮው ጀርባ ያልፋል፣ ሌላው አፍንጫውን ይከባል፣ በጉንጩ በኩል ይያያዛሉ። መሳቢያው ገመድ አገጩ ስር ያለው ቀለበት ላይ ይታሰራል።

ስትገዙ ከዋጋውም ከቀለሙም በፊት የአፍንጫው ማሰሪያ የት እንደሚያርፍ እዩ። ፈረስ እንደኛ በአፉ መተንፈስ አይችልም፣ አየር የሚያገኘው በአፍንጫው ብቻ ነው፤ የአፍንጫው አጥንት ደግሞ ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየሳሳ ይሄድና ጫፉ ላይ ለስላሳ ይሆናል። ማሰሪያው እዚያ ከወረደ ያፍነዋል፣ ይጎዳዋልም። ጉንጩ ላይ ጎላ ያለውን አጥንት በእጃችሁ ዳብሱ። ማሰሪያው ከሱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይረፍ። በማሰሪያውና በአፍንጫው መሀልም ሁለት ጣት መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ፈረስ ጆሮውን በኋላ እግሩ ሲያክ ኮቴው ገብቶ ሊቀረቀር ይችላል።

ናይለን ርካሽ ነው፣ ይበረክታል፣ ግን ፈረሱ አጥር ላይ ሲያዝ አይበጠስለትም። ቆዳ ሲጨንቅ ይበጠሳል፣ እኔ የምመርጠውም ለዚህ ነው። ያልለፋ ጠፍር ከሆነ ግን ዝናብ መትቶት ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ፈረሱን ይልጠዋል፣ ስለዚህ ቅባት አይለየው። ቀጭን የገመድ ሃልተር በቋጠሮዎቹ ስለሚጫን ለማሠልጠኛ እንጂ አስሮ ለመተው አይሆንም። ሲባጎና የፕላስቲክ ገመድ ቆዳውን ይበላሉ፤ ሌላ ከጠፋ ቢያንስ አፍንጫውና ማጅራቱ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሉበት።

ውርንጭላ ቶሎ ያድጋል፣ በየሳምንቱ ማሰሪያውን እያያችሁ አላሉለት። ለግጦሽ ሲለቀቅ አውልቁለት። ስታስሩትም አንገቱ ላይ ሸምቀቆ አታድርጉ፤ ገመዱን ከሃልተሩ አያይዛችሁ፣ ጫፉ ሲሳብ ወዲያው በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩት።