«ሕፃን መያዝ ደግሞ ምን ሥልጠና ይፈልጋል?»

ዴይኬር ውስጥ ለሚሠሩ ሞግዚቶች ሥልጠና ስሰጥ ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጉዳይ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«አራት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ምን ልማር?»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ጎበዞቹ ናቸው። ልምዳቸውን አከብራለሁ። ግን ልምድ የማይነግረን ነገር አለ። ሕፃን በጀርባው ከተኛ ያስመልሰውና ትን ይለዋል ብለን ያደግን ብዙ ነን። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል። ያስመለሰው ወተት ቁልቁል ወደ ምግብ ቧንቧው ይመለሳል። አሜሪካ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ተኝተው በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

«ገና ናቸው፣ ምን ይገባቸዋል? ማብላትና ማጠብ ይበቃል።»

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። አንዲት ልጅ እግር ሞግዚት የሰባት ወር ሕፃን ዳይፐር ስትቀይር አየሁ። እጇ ፈጣን ነው። ወሬዋ ግን በር ላይ ከቆመችው ጓደኛዋ ጋር ነው። ሕፃኗ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። «ከመንካትሽ በፊት ንገሪያት» አልኳት። «‹እሙዬ፣ እግርሽን ላነሳ ነው› በይና ትንሽ ጠብቂ።» መጀመሪያ አፈረች። በሁለተኛው ሳምንት ደውላ «እግሯን ራሷ እኮ አነሳችልኝ!» አለችኝ።

ዳይፐር በቀን አምስት ስድስቴ ይቀየራል። ቋንቋ የሚለመደው እዚያው ላይ ነው። ሃንጋሪያዊቷ የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ኤሚ ፒክለር ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡዳፔስት ውስጥ የሕፃናት ማሳደጊያ ይመሩ ነበር። ሞግዚቶቻቸውን ያሠለጠኑትም በዚሁ ነው፦ ሲያጥቡ፣ ሲያለብሱ፣ ሲያበሉ ሳይጣደፉ ልጁን ማናገር።

«የጡት ወተት የእናትየው ጉዳይ ነው።»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። እስከ ስድስት ወር የሚመከረው ደግሞ የእናት ጡት ብቻ ነው። ስለዚህ እናትየው ሥራ ስትመለስ የታለበው ወተት ሞግዚቷ እጅ ይገባል። በክፍል ሙቀት ከአራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ ከአራት ቀን በላይ አይቆይም። ማይክሮዌቭ ውስጥም አይሞቅም።

«ብናሠለጥናቸው ጥለውን ይሄዳሉ።»

ይህን የሚሉት አሠሪዎቹ ናቸው። ሞግዚቶቹ ሊሄዱ ይችላሉ። ካልሠለጠኑ ግን ሳያውቁ ልጆቹ ጋር ይቀራሉ።

«ዓምና ሠልጥነናል፤ ሰርተፍኬቱም ግድግዳው ላይ አለ።»

አዳራሽ ተቀምጦ ስላይድ ማየት እጅን አይለውጥም። አጠገብ ቆሞ የሚያይ፣ የሚነግርና ተመልሶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በሳምንት አንዴ ልጆቹ ሲተኙ አንዷ እነሱን ትጠብቅ። የቀሩት ሠላሳ ደቂቃ ቁጭ ይበሉና ይጠያየቁ፦ «ዛሬ የቱ ልጅ አለቀሰብሽ? ምን ስታደርጊለት ዝም አለ?»