በሕክምና የተመለሰ ትዝታ በፍርድ ቤት

ለዓመታት ጠፍቶ የኖረ ትዝታ በሥነ ልቦና ሕክምና ጊዜ ብቅ ሲል «የተመለሰ ትውስታ» ይባላል። ልጅ የሚያስደነግጥ ነገር ሲደርስበት አእምሮው ይቀብረዋል፣ ካደገ በኋላ በሕክምና ይወጣል ነው ሐሳቡ። ጣጣው የሚመጣው ትዝታው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሰው ሲያሳስር ነው። እኔ እጅ የገቡት ሰነዶች በአብዛኛው የአሜሪካ ናቸው፤ ዓመታቱም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የሐሳቡ ሥር የሥነ ልቦና ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ ጋ ይደርሳል። ከዚያ እስከ 1980ዎቹ ያለውን ልዝለለው።

ስመ ጥሩ ክስ የጆርጅ ፍራንክሊን ነው። በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ተገደለች። ገዳዩ ሳይታወቅ 20 ዓመት አለፈ። ከዚያ የሟች የልጅነት ጓደኛ የነበረችው የፍራንክሊን ልጅ፣ አባቷ ሟችን በድንጋይ ሲመታት ማየቷ ትዝ እንዳላት ተናገረች። ክሱ በዋናነት የቆመው በእሷ ቃል ላይ ነበር። በ1990 ጁሪው (ፍርድ የሚሰጡት ተራ ዜጎች) ጥፋተኛ አለው፤ ዕድሜ ልክም ተፈረደበት። የተናገረቻቸው ዝርዝሮች ግን ያኔውኑ ጋዜጣ ላይ ወጥተው ነበር። ጁሪው ጋዜጦቹን እንዲያይ አልተፈቀደም። በ1995 አንድ የፌዴራል ዳኛ ፍርዱን ሻረው። በኋላ የመስካሪዋ እህት፣ ሁለታቸውም ከምስክርነቱ በፊት ሂፕኖሲስ (አእምሮን እንደ ሰመመን የሚያደርግ ዘዴ) እንደተደረገላቸው ተናገረች። በካሊፎርኒያ ደግሞ በሂፕኖሲስ የታደሰ ምስክርነት ከ1982 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውድቅ የተደረገ ነው። በ1996 ዐቃቤ ሕግ ክሱን ተወ፣ ሰውየውም ተፈታ።

ለፍራንክሊን መከላከያ የመሰከረችው የትውስታ ተመራማሪዋ ኤልዛቤት ሎፍተስ ናት። በ1995 ከዣክሊን ፒክሬል ጋር ያወጣችው ሙከራ ለእኛ ሥነ ልቦና ለተማርን ሰዎች ኩራታችን ነው። ለ24 ሰዎች ከቤተሰባቸው የተሰበሰቡ ሦስት እውነተኛ የልጅነት ታሪኮች ተሰጧቸው። አራተኛው የፈጠራ ነበር፤ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ጠፍተህ ነበር የሚል። ሩብ ያህሉ ያልሆነውን «አስታወሱ»። አንዳንዶቹማ ዝርዝር ጨመሩበት! ሰው ሳይዋሽ ሐሰት ሊመሰክር ይችላል ማለት ነው፤ ለዳኛ ከዚህ የከበደ ነገር የለም።

በእርግጥ ተቺዎች ገበያ መጥፋትና መደፈር አንድ አይደሉም ይላሉ። በ1994 ተመራማሪዋ ሊንዳ ዊሊያምስ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው በሰነድ የተረጋገጠ 129 ሴቶችን አነጋግራ፣ 38 በመቶው ያንን ጥቃት ሳይጠቅሱ ቀርተዋል። ረስተው ነው ወይስ መናገር አልፈለጉም? እዚህ ላይ ክርክሩ አልበረደም።

ፍርድ ቤቶቹም አልተስማሙም። የኒው ሃምፕሻየር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 እንዲህ ያለ ምስክርነት እንዳይቀርብ የተላለፈውን ውሳኔ አጸና። አስተማማኝ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የአቅራቢው ነው አለ፤ ትውስታው እንዴት እንደተገኘም ይመረመራል። የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ2010 በቀድሞው የካቶሊክ ቄስ ፖል ሻንሊ ላይ፣ በተመለሰ ትውስታ የተሰጠውን ፍርድ አጸና። ሁለቱ ግዛቶች ድንበርተኛ ናቸው።