«ለግማሽ ፔኒ ቅጥራን»፦ መርከብ ሆኖ የቀረው በግ

እንግሊዞች ቆጣቢ ነኝ ባዩን ሰው «ለግማሽ ፔኒ ቅጥራን ብለህ መርከቡን አታበላሽ» ይሉታል። ጥቂት ወጪ ሸሽቶ ትልቁን ንብረት ለሚያጠፋ የሚነገር ነው፤ ሙሉ ቤት አስገንብቶ አሸንዳ ለማሰር የሚሰስት፣ ክረምት ሲገባ ግድግዳው የሚፈርስበት ዓይነት። ከእኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» ቶሎ ወደ አፍ ይመጣል፤ እሱ ግን የሚያስጠነቅቀው መዘግየትን ነው፣ የእንግሊዙ ደግሞ ንፉግነትን።

ቅጥራን ከጥድ እንጨት የሚወጣ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ነው። የሳንቃ ስንጥቅ ይደፈንበታል፤ የኖኅ መርከብም በውስጥም በውጭም የተለቀለቀችው በቅጥራን ነው። ስለዚህ ምሳሌውን የሰማ ሁሉ መርከቡን አይጠራጠርም። ነገሩ የተወለደው ግን ባሕር ላይ ሳይሆን ከበግ በረት ነው።

በጉን እሾህ ሲወጋው ወይም የሸላቹ መቀስ ሲስተው ዝንብ ቁስሉ ላይ እንቁላል ትጥላለች። በአንድ ቀን ገደማ ትል ይሆንና በቁሙ ያለውን በግ ይበላዋል። የጥንቱ እረኛ ታዲያ ቅጥራን የያዘች ትንሽ ዕቃ ከጎኑ አይለይም ነበር፤ ፀጉሩን ገለጥ አድርጎ ቁስሉን ቀባ ያደርገዋል፣ ዝንቧም ትሸሻለች። በአውስትራሊያ የሽለታ ቤቶች ቅጥራን ይዞ የሚሯሯጥ ልጅ ለዚሁ ሥራ ይቀጠር ነበር።

በቨርጂኒያ ሰፈራ የሚታወቀው ጆን ስሚዝ በ1631 ሲጽፍ፣ ለግማሽ ፔኒ ቅጥራን ከማውጣት አሥር በግ ማጣት ይሻለናል የሚሉትን ይወቅሳል። በ1670 ምሳሌዎችን ሰብስቦ ያሳተመው ጆን ሬይ ደግሞ በበጉ ቦታ «ሆግ» የሚለውን ቃል ያስገባል። ሆግ በተለምዶ አሳማ ነው። በኋላ ራሱ ሬይ፣ ቅጥራን ከአሳማ ይልቅ ለበግ ይውላል ብሎ ማስታወሻ ጨመረ። በገበሬዎቹ አፍ ግን ሆግ ገና ያልተሸለተ ግልገል በግም ነው! ሊቁ ሰው ይህን ከአንድ እረኛ ቢጠይቅ ማስታወሻውን ባላስፈለገው ነበር እላለሁ።

መርከቡስ ከየት መጣ? በብዙ የእንግሊዝ ገጠሮች የበግና የመርከብ ስም በአነጋገር አንድ ነበር፤ የበጉን ስም አሳጥረው ሲጠሩት መርከብ ይሆናል። ለእኛ ይህ አይከብድም፤ በፊደላችን ብንጽፋቸው ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው። ሺፕተን እና ሺፕሊ የሚባሉት ቦታዎች ከባሕር ርቀው የሚገኙትም ለዚህ ነው፤ የበግ እርሻና የበግ መስክ ማለት ናቸው። የገጠሩን አነጋገር የማያውቅ ጸሐፊ የሰማውን ሲጽፍ በጉ መርከብ ሆነ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መርከቡ በጽሑፍ ቦታውን ይዟል። ስህተት ነው ብዬ ግን አላርመውም፤ መርከቡም ያለ ቅጥራን ይሰምጣልና።

የበለጠ የሚገርመኝ የዋጋው ቃል ነው። «የግማሽ ፔኒ ያህል» የሚለው ረጅም ቃል በአፍ ተቆራርጦ «ሄይፐዝ» ሆኗል፤ ሲጻፍም የተዋጡት ድምፆች ቦታ በጭረት ይታያል፣ አንዳንዱ በሁለት ጭረት፣ አንዳንዱ በአንድ። ሳንቲሙ ራሱ የለም። አሮጌው ግማሽ ፔኒ፣ 480ው አንድ ፓውንድ የሚሞላው፣ በ1969 ከገበያ ወጣ፤ አዲሱም በ1984 ተከተለው። ቃሉ ግን በሰሜን እንግሊዝ አሁንም አለ። ልጇ ጫማውን አቀያይሮ ሲጫማ ያየች እናት «አንተ ሞኝ ሄይፐዝ» ብላ ትስቅበታለች፤ የግማሽ ፔኒ ሞኝ እንደ ማለት።