አሳሳች የቅስቀሳ ወረቀት፦ ማጭበርበር የሚሆነው መቼ ነው?

አሳሳች የቅስቀሳ ወረቀት የሚባለው በምርጫ ሰሞን መራጩ እጅ የሚገባ፣ ሆን ተብሎ ሐሰት የተጻፈበት በራሪ ጽሑፍ ነው። አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ በፖስታ እስከ መራጩ ቤት ድረስ ይመጣል። ጎንደር ላይ ፖስታ የሚደርሰው የፖስታ ሳጥን ቁጥር ላለው ስለሆነ፣ ወረቀቱ አራዳና ቅዳሜ ገበያ፣ ማራኪና አዘዞ በእጅ ይታደላል፣ ሞንታርቦ ከጫነ መኪና ላይም ይበተናል፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይዞራል።

ቤት ከገባ በኋላ የሚሆነውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ተማሪው ልጅ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ፊደል ያልቆጠሩት እናት ሰምተው ሲያበቁ «ማኅተም አለው ወይ?» ይላሉ። ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እኛ ዘንድ ክብደት አለው። ድሮ አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት ተጎስሞ ነበር፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጅበት ነጋሪት ጋዜጣም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። አሳሳች ወረቀት የሚነግደው በዚህ እምነት ነው። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የስታንፎርድና የዳርትማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለጥናት ብለው የአሜሪካዋን የሞንታና ግዛት ማኅተም የያዘ ወረቀት ለ100 ሺህ ገደማ መራጮች ልከው ነበር፤ ቅሬታው በርትቶ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ይቅርታ ጠይቀዋል።

በሕግ ቋንቋ «ማታለል» በተለምዶ ከምንለው ይጠብባል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የሚመለከተው ያልተገባ ብልጽግና ለማግኘት ሰውን አሳስቶ የንብረት ጥቅሙን መጉዳትን ነው። ድምፅ ደግሞ ንብረት አይደለም። አሜሪካኖችም እዚሁ ላይ ተሰናክለዋል፦ በፖስታ ማጭበርበርን የሚከለክለው እ.ኤ.አ. የ1872ቱ ሕጋቸው ገንዘብንና ንብረትን እንደሚጠብቅ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ወስኗል። የእኛው የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ቢሆን ሐሰት መሆኑ ብቻውን አይበቃውም፤ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ መሆን አለበት። አንዲትን እናት በጸጥታ የሚያሳስት ወረቀት በዚህ ወንፊት ሾልኮ ያልፋል።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1983ቱ ሕጋቸው ስለ ዕጩ የግል ጠባይ ወይም ምግባር እውነት ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሳይኖር ሐሰት መጻፍ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ፊል ዉላስ የተባሉ የሌበር ፓርቲ ዕጩ በ103 ድምፅ ብልጫ አሸንፈው ነበር። በቅስቀሳ ወረቀቶቻቸው ስለ ተፎካካሪያቸው ሐሰት አስጽፈዋል ተብሎ የምርጫ ፍርድ ቤት ውጤቱን ሰረዘው፤ ምርጫውም እንደገና ተካሄደ።

በእኔ ግምት መለያው ሐሰቱ ምንን ይነካል የሚለው ነው። «ያኛው ፓርቲ ቢመረጥ አገር ይፈርሳል» የሚል ወረቀት ማጋነን ነው፤ መልሱ ሌላ ወረቀት ነው፣ ፍርድ ቤት መግባት የለበትም። የድምፅ መስጫውን ቀን የሚያዛባ፣ ምርጫ ጣቢያው ተቀይሯል የሚል፣ ወይም የምርጫ ቦርድን ማኅተም አስመስሎ የሚቀርጽ ወረቀት ግን ድምፅ ይሰርቃል። የፓርቲ መለያ ምልክት ማምታታት ከሁሉም ይከፋል። መራጩ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የ«ኤክስ» ምልክት ወይም አሻራ የሚያኖረው በብዛት በፓርቲው መለያ ምልክት እየተመራ ነው። በ1997ቱ ምርጫ ኢሕአዴግ በንብ፣ ቅንጅት በሁለት ጣት ይለዩ ነበር፤ አንዱን ምልክት ከሌላው ስም ጋር ያተመ ወረቀት ቢበተን ኖሮ ማንበብ የማይችለው ሰው የገዛ ድምፁን ለማይፈልገው ሰጥቶ ይወጣ ነበር። ይህን ማጭበርበር ካላልነው ምን ልንለው ነው?

ቅሬታ የሚቀርበው በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ለምርጫ ቦርድ ነው። ቅስቀሳ ከድምፅ መስጫው ቀን አስቀድሞ ለአራት ቀናት ይቆማል። በእነዚያ ቀናት የሚበተን ወረቀት ይበልጥ ያሰጋል፤ ስሙ የጠፋው ዕጩ ወጥቶ ላስተባብል ቢል እሱም ሕግ ይጥሳል። ስለዚህ ወረቀቱን ቀዶ ከመጣል ይልቅ ማን እንደሰጠ፣ የትና መቼ እንደተገኘ ጀርባው ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ለቅሬታው ማስረጃ ይሆናል።