«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ ሎውረንስ ቴይለርን ለማሰር ስንት ድር አስፈለገ?

ሸማኔ የሚወጥረው ድር ቀጭን ፈትል ነው፤ ሸረሪትም የራሷን ታደራለች። የትኛውንም ብንወስድ፣ ነጠላው ክር በጣት ሲጎትቱት ይበጠሳል። አባባሉ የተነሳው ከዚሁ ሁሉም ከሚያየው ነገር ነው። በእድርና በስብሰባ ላይ ስለሚዘወተር «ተባበሩ» ከማለት ያለፈ ፍቺ የሌለው ይመስላል። ክብደቱ ግን «ቢያብር» ላይ ነው። ክሩ ስለበዛ ብቻ አያስርም፤ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ መጠላለፍ አለበት። አንበሳውም አንበሳ መሆኑ አልተካደም።

የአሜሪካ ፉትቦል ተከላካዩ ሎውረንስ ቴይለር ለዚህ ፍቺ ጥሩ አንበሳ ነው። ኒውዮርክ ጃያንትስ እ.ኤ.አ. በ1981 በድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) ሁለተኛ ተመራጭ አድርጎ ወሰደው፤ ቁመቱ 1.90 ሜትር፣ ክብደቱ 107 ኪሎ ገደማ። የሚነሳው ከመከላከያው ቀኝ ጫፍ ነው፤ ይህም ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረው የአጥቂው ቡድን መሪ) ለመወርወር ሲዞር ጀርባውን የሚሰጥበት ጎን ነው። ኳሱ ከእጅ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ ያህል ነው። በዚያን ዘመን እንደ ቴይለር ከጫፍ የሚመጣን ላይንባከር (የተከላካይ ዓይነት) እንዲያግድ የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሯጭ ነበር፤ ከ100 ኪሎ በታች የሆነ፣ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው። ቴይለር ደግሞ ተንደርድሮ ነው የሚደርስበት። ነጠላ ክር ማለት ይሄ ነው።

መጀመሪያ መላ ከመቱት አንዱ የሳን ፍራንሲስኮው አሠልጣኝ ቢል ዋልሽ ነው። በጥር 1982 የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ግራ ጋርዱን (ከመስመር አጋጆቹ አንዱን) ጆን ኤየርስን ከመስመሩ አፈግፍጎ ቴይለርን እንዲቀበል አደረገ። ኤየርስ ከባድ ነው፣ ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ በቀላሉ አይገፋም። ሳን ፍራንሲስኮ 38 ለ 24 አሸነፈ። ዘዴው ግን ዕዳ አለው፦ ጋርዱ ሲያፈገፍግ በመስመሩ መሀል ቀዳዳ ይተዋል፤ ተከላካዩ ቡድን ይህን ካወቀ በዚያው ሌላ ሰው ይልካል።

የዋሽንግተኑ ጆ ጊብስ ሌላ መንገድ መረጠ። አንዱን ሯጭ አስወጥቶ በምትኩ ሁለተኛ ታይት ኢንድ (የሚያግድም ኳስ የሚቀበልም ተጫዋች) አስገባ። ታይት ኢንድ ከሯጭ ይገዝፋል፣ ቦታውንም እየቀያየረ ቴይለር ወዳለበት ይሄዳል።

እዚህ ላይ አባባሉ የማይነግረን ሒሳብ አለ። ሜዳ ላይ 11 ሰው ብቻ ነው። አምስቱ የመስመር አጋጆች ናቸው፣ አንዱ ኳርተርባክ፤ ኳስ ለመቀበል የሚወጡት አምስት ይቀራሉ። ለአንበሳው ሲባል ታይት ኢንዱና ሯጩ ከቀሩ የሚወጡት ሦስት ናቸው። ተከላካዮቹ አራት ሰው ቢልኩ፣ ሦስቱን የሚጠብቁ ሰባት አሏቸው። የታሰረው አንበሳ ሳይነካ አጥቂውን ቡድን አደኸየ ማለት ነው።

ሁለት አጋጆች መኖራቸውም ዋስትና አይደለም። ዳሌያቸው ካልተገጣጠመ ቴይለር ትከሻውን በመሀላቸው አስገብቶ ይሰነጥቃቸዋል። ውጭኛው ከዘገየ በጎኑ ይዞራል፤ ውስጠኛው ቀድሞ ከዞረ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ድሩ አለ፣ አላበረም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ይህ ሁሉ እየተደረገበት 20.5 ሳክ አስመዘገበ፤ ሳክ ኳርተርባክን ሳይወረውር መጣል ነው። የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ፤ ከእሱ በፊት ያን ክብር ያገኘው ተከላካይ የ1971ዱ አለን ፔጅ ብቻ ነበር። በሙያ ዘመኑ የተመዘገቡለት ሳኮች 132.5 ናቸው፤ ሊጉ መቁጠር የጀመረው በ1982 ስለሆነ የመጀመሪያ ዓመቱ አልገባም።

የ1986ቱ ጃያንትስ ሌላም ድር ነበረው። ሁለት ሦስት ሰው በቴይለር ላይ ሲጠመድ የቡድን ጓደኞቹ ካርል ባንክስ፣ ሊዮናርድ ማርሻልና ሃሪ ካርሰን እያንዳንዳቸው አንድ አጋጅ ብቻ ይገጥማቸዋል። በጥር 1987 በሱፐር ቦውል፣ በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ዴንቨርን 39 ለ 20 ረቱ።