ጌም ለምን ይንቀራፈፋል? የኮምፒውተሩ ድርሻና የመስመሩ ድርሻ

ተጫዋቹ ሮጦ ከግድግዳ ጀርባ ተጠልሏል። በራሱ ስክሪን ላይ ደኅና ነው። ሰከንድ ሳይሞላ ግን ይወድቃል፤ ጥይቱ ግድግዳውን ሰንጥቆ የመታው ይመስላል። ከጎኑ የተቀመጠው ወንድሙ «ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ ራም ይጨመርለት» ይላል። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም ለዚህ ችግር ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማኅደር፣ ምንም አይፈይድም።

ተጫዋቾች «ላግ» በሚል አንድ ቃል የሚጠሯቸው ሁለት የማይዛመዱ ሕመሞች አሉ። አንደኛው ኮምፒውተሩ ምስሉን በጊዜው ሠርቶ ማድረስ ሲያቅተው የሚመጣ መቆራረጥ ነው። ሁለተኛው በተጫዋቹና ጨዋታው በሚመራበት ሰርቨር መካከል መልእክት ሲዘገይ የሚፈጠር መዛነፍ ነው። ማውዙን ሲያንቀሳቅሱ እይታው እየተንገጫገጨ የሚከተል ከሆነ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው። እይታው ለስላሳ ሆኖ ሌሎች ተጫዋቾች ከቦታ ቦታ ከዘለሉ ወይም የተኮሱት ዘግይቶ ከተቆጠረ ደግሞ የኢንተርኔት መስመሩን መጠርጠር ነው። አብዛኞቹ የኦንላይን ጨዋታዎች በሰከንድ የሚሠሩትን ምስሎች ብዛትና የመስመሩን መዘግየት በስክሪኑ ጥግ የሚያሳይ ምርጫ አላቸው፤ ገንዘብ ከማውጣት በፊት እሱን መክፈት ይቀድማል።

ከኮምፒውተሩ እንጀምር። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ለእያንዳንዱ ምስል የሚሰጠው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። 144 ጊዜ ለሚታደሰው ጊዜው ወደ 6.9 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ፕሮሰሰሩ ማን የት እንዳለ አስልቶ ለግራፊክስ ካርዱ ያስረክባል፣ ካርዱም ይስላል። አማካይ ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል፤ በሰከንድ 90 ምስል እየሰጠ አልፎ አልፎ አንዷን ምስል ለ100 ሚሊሰከንድ የሚያቆይ ኮምፒውተር፣ ሳይዋዥቅ 60 ከሚሰጠው ይልቅ ዓይንን ያስቸግራል። ስለዚህ በጨዋታው ቅንብር ውስጥ ከፍተኛውን የምስል ብዛት ማሽኑ ሁልጊዜ ሊደርስበት በሚችለው ቁጥር ላይ መገደብ፣ እንግዳ ቢመስልም፣ ጨዋታውን ያለሰልሳል።

ደካማው ክፍል የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ነጻ ፈተና አለ። የምስሉን ጥራት (ሪዞሉሽን፣ የነጥቦቹን ብዛት) በግማሽ ዝቅ ማድረግ ነው። የምስሎቹ ብዛት በግልጽ ከጨመረ ወደ ኋላ የሚጎትተው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ጥላን፣ ነጸብራቅንና የርቀት እይታን መቀነስም እፎይታ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ግን የሚያለከልከው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ያን ጊዜ ውድ ካርድ መግዛት ጭነቱን ባልተሸከመ አህያ ላይ መድኃኒት መቀባት ይሆናል። እንደ ካውንተር ስትራይክና ቫሎራንት ያሉ የተኩስ ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ የሚከብዱት ለፕሮሰሰሩ ነው።

ራምን በተመለከተ መጠኑ ብቻ ሳይሆን አሰካኩም ይቆጠራል። አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከሚሰካ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ቢሰካ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ስለሚያነብ ሥራው ይፈጥናል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ በሌላቸውና ምስሉን ከዋናው ራም ተበድረው በሚስሉ ላፕቶፖች ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ማከማቻ ጨዋታው ቶሎ እንዲከፈት ያደርጋል፤ ከዚያ ያለፈ ተአምር አይጠበቅበትም።

ብዙዎች የሚረሱት ጉዳይ ሙቀት ነው። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ምልክቱ አይሳሳትም፦ ጨዋታው የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ያምራል፣ ከዚያ ማራገቢያው እያፏጨ ምስሉ መንገጫገጭ ይጀምራል። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ከተማ ስለሆነች ይህ የማይነካን ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ የግንባታውና የበጋው አቧራ አለ። በቅርቡ የአንድ ዘመዴን ላፕቶፕ ስከፍት በማራገቢያውና በስስ የብረት ክንፎቹ መካከል ባዘቶ የመሰለ የአቧራ ድርብ ተጋግሮ አገኘሁ፤ በወረንጦ ሳወጣው እንደ ጨርቅ ቁራጭ ሳይበጠስ ወጣ። ልጁ ለስድስት ወር ያህል አዲስ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ለመግዛት ገንዘብ ሲያጠራቅም ነበር።

ማጽዳቱ ከባድ አይደለም። ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፤ አየር ሲነፋበት ማራገቢያው በራሱ እንዳይሽከረከርና እንዳይጎዳ በጣት ወይም በእንጨት ይያዛል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ያለው ቅባት ዓመታት ካለፉት ደርቆ ስለሚሰነጣጠቅ መተካት አለበት፤ ይህን ግን እጁን ያፍታታ ሰው ቢሠራው ይሻላል። ላፕቶፕን አልጋ ወይም ሶፋ ላይ አድርጎ መጫወት ከሥር ያለውን የአየር መግቢያ መድፈን ነው።

ያለ ወጪ የሚስተካከሉ ሌሎች ስሕተቶችም አሉ። ላፕቶፕ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቻርጀሩ ተሰክቶ የኃይል አጠቃቀሙ ከፍተኛ ብቃት ላይ ይደረግ። ሁለት ግራፊክስ ያላቸው ማሽኖች አንዳንድ ጊዜ ጨዋታውን በደካማው ላይ ያስኬዱታል፤ በዊንዶውስ የግራፊክስ ቅንብር ውስጥ ጠንካራውን መምረጥ ይቻላል። ባለ 144 ስክሪን ገዝቶ በዊንዶውስ ውስጥ በ60 ላይ እንደተተወ ዓመት የሚጠቀምበት ሰው ቁጥሩ ቀላል አይመስለኝም። በአንጻሩ «ኮምፒውተርዎን በአንድ ንክኪ እናፈጥናለን» የሚሉ ፕሮግራሞች ራሳቸው ከጀርባ ሆነው ራምና ፕሮሰሰር የሚበሉ ናቸው፤ በእኔ እምነት ብዙዎቹ ከጥቅማቸው ጉዳታቸው ያመዝናል። ከማስታወቂያ ጋር ተጭነው የሚመጡትን ደግሞ ማራቅ ነው።

አሁን ወደ መስመሩ። የመዘግየት መለኪያው ፒንግ ይባላል፤ አንዲት አጭር መልእክት ሰርቨሩ ድረስ ደርሳ እስክትመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ስሙ የመጣው አሜሪካዊው ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በ1983 ከጻፈው ፕሮግራም ሲሆን፣ እሱም የሰርጓጅ መርከብ ሶናር የሚያሰማውን ድምፅ አስቦ ነው ያወጣለት። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ ወደ 5,300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱ ምንም ሳይዘገይ እንኳ 53 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ኢትዮጵያ ግን የባሕር በር ስለሌላት መልእክቱ በጎረቤት አገር፣ ለምሳሌ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ኬብሎች ይዞራል። ስለዚህ የስክሪኑ ጥግ የዚህን እጥፍ ቢያሳይ አይገርምም። ይህን ርቀት የሚያሳጥር ራም የለም።

የጨዋታ ሠሪዎች ርቀቱን በብልሃት ይሸፍኑታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኩዌክ የተባለው የተኩስ ጨዋታ በስልክ መስመር ኢንተርኔት ሲጫወቱት የሰርቨሩን መልስ ሳያገኝ ተጫዋቹን አያንቀሳቅስም ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የወጣው ኩዌክወርልድ የተሰኘው ቅጂ ኮምፒውተሩ የራሱን እርምጃ አስቀድሞ እንዲገምትና በኋላ ከሰርቨሩ ጋር እንዲያስታርቅ አደረገ። ዛሬ ብዙ የተኩስ ጨዋታዎች ይህንኑ ይከተላሉ። በዚያ ላይ ሰርቨሩ አንድ ሰው ሲተኩስ ተኳሹ በዚያ ቅጽበት ያየው ምን እንደነበር ጊዜውን ወደ ኋላ መልሶ ይመረምራል። መግቢያው ላይ ከግድግዳ ጀርባ የወደቀው ተጫዋች ምሥጢሩ ይኸው ነው፦ ተኳሹ ሲያየው ገና ከግድግዳው ውጭ ነበር።

እዚህ ላይ ትልቁ አለመግባባት ፍጥነትን ከመዘግየት ጋር ማምታታት ነው። ኦንላይን ጨዋታ በጨዋታው ሰዓት የሚልከውና የሚቀበለው መረጃ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜጋቢት በሰከንድ እንኳ አይሞላም። የበለጠ ጥቅል መግዛት በራሱ ፒንግ አይቀንስም። ፒንጉን የሚሰቅለው ሰልፍ ነው። በጓዳ ያለች እህት በቴሌግራም ትልቅ ቪዲዮ መላክ ስትጀምር የቤቱ ራውተር መስመሩ የማይችለውን መረጃ እየተቀበለ ያሰልፈዋል፤ ትንሿ የጨዋታ መልእክት ከዚያ ሁሉ ጀርባ ተራዋን ትጠብቃለች። ለማረጋገጥ በኮምፒውተሩ የትእዛዝ መስኮት ፒንግ ሳያቋርጥ እንዲሠራ አድርጎ ቪዲዮ መላክ ነው፤ ለምሳሌ 120 የነበረው ቁጥር ወደ 600 ሲዘል በዓይን ሊታይ ይችላል፣ ቪዲዮው ሲያልቅ ይወርዳል። የኔትወርክ ተመራማሪዎቹ ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ ሰልፍ መላ ይፋ አድርገዋል፤ አንዳንድ ራውተሮች ዘዴውን ወይም ከእሱ የተወለዱትን ይዘው ይመጣሉ። የራውተሩን የመላኪያ ገደብ ከመስመሩ አቅም በመጠኑ ዝቅ ማድረግም ሰልፉን ይበትነዋል። የዊንዶውስ ማሻሻያዎችን ለሌሎች ኮምፒውተሮች የማጋራት ምርጫም መዘጋት ይችላል፤ ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ዋይፋይ ከመዘግየቱ ይልቅ የሚያሳዝነው በመዋዠቁ ነው። የጎረቤት ራውተሮች፣ ማይክሮዌቭና ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ይሻማሉ፤ 5 ጊጋኸርትዝ የተሻለ ቢሆንም ግድግዳ ያደክመዋል። ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ የተዘረጋ ኬብል ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስቀራል፤ ከየትኛውም የጨዋታ ዕቃ ይልቅ ለዋጋው የሚመጥን እሱ ነው።

ሰርቨር ሲመረጥም ካርታን ማመን አይገባም። ጆሃንስበርግ ከፍራንክፈርት ይልቅ ለአዲስ አበባ ትቀርባለች፤ ነገር ግን መልእክቱ በአውሮፓ ዞሮ የሚደርስ ከሆነ ፒንጉ ከፍራንክፈርቱ ይብሳል። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ፣ በተለይም ሰው በሚበዛበት የምሽት ሰዓት፣ መለካት ያስፈልጋል። አሥር ኮምፒውተሮች በአንድ ክፍል ውስጥ በኬብል ከአንድ ማከፋፈያ ጋር ተገናኝተው እርስ በርስ ሲጫወቱ ግን ባሕሩም ጅቡቲም ከሒሳቡ ይወጣሉ፤ ፒንጉ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው።