ስካይላይን ድራይቭ «ዝግ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምንኖር ሐበሾች የቅርብ ተራራችን ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ቅጠሉ ሲቀላ መኪና ሞልተን እንወጣለን። ፓርኩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠው የሕዝብ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ 105 ማይል የሚረዝመው ስካይላይን ድራይቭ። እሱ በተዘጋ ቁጥር ወሬው ብዙ ነው።

«መንገዱ ከተዘጋ ፓርኩም ዝግ ነው።»
በበረዶ ጊዜ የሚዘጋው ለመኪና ነው። በእግር መግባት ይቻላል። ኦልድ ራግን ለመውጣት ደግሞ ስካይላይን ድራይቭ ጭራሽ አያስፈልግም፤ መነሻው ከተራራው ግርጌ ነው። ብቻ ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ቀድሞ የተቆረጠ ቲኬት ይጠይቃል። ቲኬት ሳይዝ ሄዶ የተመለሰ ሰውም «ዝግ ነው አሉን» ብሎ ያወራል።

«እዚህ ፀሐይ ወጥቷል፤ እዚያ ምን ያዘጋዋል?»
ዲሲ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አትልም። መንገዱ ስካይላንድ በተባለው የፓርኩ ማረፊያ አጠገብ 3,680 ጫማ ይደርሳል። አርሊንግተን ላይ ዝናብ የነበረው እዚያ በረዶ ሆኖ ይጠብቃል። በሜሪስ ሮክ ዋሻ ከዓለቱ የሚንጠባጠበው ውኃ ይረጋና ከጣሪያው እንደ ጦር ይንጠለጠላል። መስታወትዎ ላይ ቢወድቅ ያስቡት! በረዶ የከበደው ዛፍም መንገድ ላይ ይጋደማል፤ ሠራተኞች በመጋዝ ቆርጠው እስኪያነሱት ጊዜ ይወስዳል። ሰማዩ ጠርቶም በሩ ላይከፈት የሚችለው ለዚህ ነው።

«ማታ የሚዘጋው ጥበቃ ስለሌለ ነው።»
ምክንያቱ አጋዘን ነው። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ የአደን ወቅት ስለሆነ፣ የመንገዱ ከፊል ክፍሎች በሀገር ቤት አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ይዘጋሉ። ፓርኩ ውስጥ ግን ማደን ክልክል ነው፤ መንገዱ የሚዘጋው በጨለማ ተደብቀው የሚያድኑትን ለመከላከል ነው።

«ጂፒኤሱ ካሳየው መኪና ይገባል።»
ስልክዎ አቋራጭ አድርጎ የሚያሳየው አንዳንዱ የጠጠር መንገድ ለእሳት አደጋ መኪና የተተወ ነው። መግቢያው በብረት ተዘግቷል። በእግር ይሂዱበት፤ መኪናዎን ግን በሩ ፊት አያቁሙ።

«የእግር መንገዱ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ምክር ነው።»
ይሄኛው ትእዛዝ ነው፤ እግረኛንም ይመለከታል። ቃጠሎ የደረሰበት ቦታ ወይም ጭልፊት ጎጆ የሠራበት ገደል ሊሆን ይችላል። ጥሶ መግባት በፌዴራል ሕግ እስከ 5,000 ዶላርና እስከ 6 ወር እስር ሊያስቀጣ ይችላል። ዓመታዊ ፓስ መያዝም አያድንም።

ከቤት ሳይወጡ የፓርኩን ድረ ገጽ ይመልከቱ። ተራራው ላይ ብዙ ቦታ ኔትዎርክ የለም።